መረሬ አፈር ላይ ለሚሠሩ፦ ከመሸከም አቅሙ በፊት ጥልቀቱን ይጠይቁ

እህታችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በቦሌ ክፍለ ከተማ ጥቁር አፈር ላይ ጂ ፕላስ 3 ሊሠሩ ነው፤ መሐንዲስዎ «1 ሜትር ተኩል ቆርጠን በገረጋንቲ ብንተካው ይበቃል» ብለውዎታል፤ እርስዎ ግን በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን ከተባሉት የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ ከተሰማዎት ወዲህ በዚህ መልስ አልረኩም። ወንድምዎም በሐዋሳ ቤት ሊጀምር መሆኑን ጠቅሰዋል። እኔ በዚያው አካባቢ፣ በዚያው መረሬ ላይ፣ ያንኑ የሚያህል ቤት ስለሠራሁ የእርስዎ ሁኔታ ከእኔው የሚለይ አይመስለኝም።

1. አፈሩን መተካት የሚፈታው ሌላ ችግር ነው። መረሬ ከባዛልት መበስበስ የተገኘ ሸክላማ አፈር በመሆኑ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ገረጋንቲው ቤትዎን ከዚህ እብጠትና መኮማተር ያሳርፈዋል፤ ለዚህ ጥሩ ነው፣ አይተዉት። የርዕደ መሬት ሞገድ ግን የሚመጣው ከሥር ነው። ሞገዱ ከጠንካራው አለት ወጥቶ ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ውዝዋዜው ግን ይጨምራል፤ ከገረጋንቲው በታች ብዙ ሜትር መረሬና የበሰበሰ አለት ካለ፣ ከላይ የተተካው 1 ሜትር ተኩል ይህን አያስቀረውም።

2. ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አለቱ የሚገኘው በስንት ሜትር ነው የሚለው ነው። የአፈሩን ጥልቀት በ4 አባዝተው ሞገዱ በአፈሩ ውስጥ በሚጓዝበት ፍጥነት ቢያካፍሉት፣ መሬቱ አንድ ጊዜ ተወዛውዞ የሚመለስበትን ጊዜ በግምት ያገኛሉ። 20 ሜትር ጥልቀትና በሰከንድ 200 ሜትር ፍጥነት ቢሆን 0.4 ሰከንድ ይመጣል። ሕንፃም የራሱ የመወዛወዣ ጊዜ አለው፤ ለአንድ ወለል በግምት 0.1 ሰከንድ ስለሚታሰብ፣ ምድር ወለሉን ጨምሮ 4 ወለል ያለው የእርስዎ ቤትም እዚያው 0.4 ላይ ያርፋል፤ ዥዋዥዌን በልኩ ጊዜ እየገፉ ከፍ እንደሚያደርጉት፣ መሬቱና ሕንፃው በአንድ ምት ሲወዛወዙ ጉዳቱ ይበረታል። በአውሮፓ አቆጣጠር 1985 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፦ ርዕደ መሬቱ የተነሣው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ፣ ከተማዋ ያረፈችበት የጥንት ሐይቅ ሸክላ፣ አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ፣ በ2 ሰከንድ ገደማ ምት ስለተወዛወዘ ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ክፉኛ ተጎዱ።

3. የአፈር ምርመራ ሪፖርቱን ራስዎ ያንብቡ። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ብነግርዎ ይሻላል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መርማሪ ድርጅት በእጅ ጥቂት ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ የመሸከም አቅም ብቻ የተጻፈበት ሪፖርት ሰጠኝ። አፈሩን «ቀይ ቡናማ» ይለዋል፤ የእኔ መሬት ግን ጉድጓዱ እስከ ወረደበት ድረስ ጥቁር ነው። የሌላ ሰው ሪፖርት ስሜ ተቀይሮበት እንደተሰጠኝ ጠርጥሬ ስጠይቅ፣ ኃላፊው ከወንበሩ ሳይነሣ «የሚሠሩት ቤት ነው እንጂ ግድብ አይደለም፤ አዲስ አበባ ደግሞ ርዕደ መሬት አያውቃትም» አለኝ። በ1898 ዓ.ም. ከስምጥ ሸለቆ የተነሣው ርዕደ መሬት ይህችኑ ከተማ ማስደንገጡን፣ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የደረሰው የካራ ቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴ የተባለችውን ከተማ ማፈራረሱን ነገርኩት። መልሱ «ወረቀቱን ለመሐንዲስዎ ይስጡት፣ እርስዎ አይገባዎትም» የሚል ነበር። ገንዘብ ከፍሎ እንዲህ መመለስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቀሪውን ክፍያ ከለከልኩት፣ ሪፖርቱንም አልተቀበልኩም።

ሌላ ድርጅት በማሽን ቦረቦረ፤ የብረት ሳህን በመዶሻ እየመታም ሞገዱ በአፈሩ ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት ለካ። አለቱ በአንዱ ጥግ በ7 ሜትር፣ በሌላው በ16 ሜትር ተገኘ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንፃ ኮዳችን መሬትን ከኤ እስከ ኢ ይመድባል፤ ከ5 እስከ 20 ሜትር የሚደርስ ለስላሳ አፈር በጠንካራ አለት ላይ ሲያርፍ ኢ ይባላል፣ ለትላልቅ ርዕደ መሬት በሚውለው የኮዱ የመጀመሪያ ዓይነት ስሌትም ጫናው በአለት ላይ ከሚሆነው 1.4 እጥፍ ተደርጎ ይሰላል። የእኔ መሬት ኢ ሆነ። የመጀመሪያው ዲዛይን ግን እንደ ቢ፣ ማለትም እንደ ጠንካራ መሬት፣ ቆጥሮት ነበር። መሠረቶቹ በጠንካራ ቢም እርስ በርስ እንዲታሰሩ፣ የምሰሶዎቹ ስታፋ (ቋሚውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስረው ብረት) እንዲቀራረብ ተደረገ። የፌሮ ወጪው ጨመረ፣ ተቋራጩም አጉረመረመ፤ እኔ ግን ያን ወረቀት ባለመቀበሌ ዛሬም ኩራት ይሰማኛል። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት መጠኑ 6 ገደማ የሆነው ሲመጣ ቤቴ አንድም ስንጥቅ አላወጣም። ይሁን እንጂ መነሻው ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስለነበር አዲስ አበባ የደረሰው ንዝረት ቀላል ነበር፤ ይህን እንደ ማረጋገጫ አድርጌ አላቀርብልዎትም።

በዚያን ሰሞን ብዙ ጎረቤቶቼ የግድግዳቸውን ስንጥቅ ሁሉ በርዕደ መሬቱ አሳበቡ። መንቀጥቀጡ የበረታው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ መረሬው ደርቆ በሚኮማተርበት ወቅት ነበር። ስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበት፤ በክረምት የሚጠብና በበጋ የሚሰፋ ከሆነ ምክንያቱ አፈሩ ነው።

የወንድምዎ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። የሐዋሳ መሬት በብዛት የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ በሐይቁ አጠገብም ውኃው ቅርብ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ደረቅ ሳለ ቀጥ ብሎ ሲቆረጥ እንኳ አይናድም፣ ስለዚህም ያታልላል። ልል ሆኖ ውኃ ከጠገበ ግን በመንቀጥቀጥ እንደ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. በጃፓን ሳፖሮ ከተማ ኪዮታ በተባለው ወረዳ፣ የቀድሞ ሸለቆ በእሳተ ገሞራ አፈር ተሞልቶ በተሠራ ሰፈር ቤቶች ያዘመሙት በዚህ ምክንያት ነው። ወንድምዎ የከርሰ ምድር ውኃውን ጥልቀት ሳያውቅ፣ በተለይ ሙሌት ላይ ከሆነ፣ ቁፋሮ አይጀምር።

ለእርስዎ፦ ከመርማሪው ጋር በሚፈርሙት ውል ላይ ቁፋሮው እስከ አለቱ እንደሚደርስ፣ ቢያንስ በሁለት ተቃራኒ ጥጎች እንደሚካሄድ፣ የሞገዱ ፍጥነትና የመሬቱ ምድብ በሪፖርቱ እንደሚጻፍ ያስገቡ። ከዚያ በፊት ቅድመ ክፍያ አይስጡ።