መልስ፦ ምንጩ ይቅደም፣ ጓያውም አይረሳ
ወንድሜ፣ ደምቢያ ላሉ ወላጆችህ መንደር ገንዘብ ልትልክ አስበህ «ምንጭ ማጎልበት ይቅደም ወይስ የጓሮ አትክልት?» ብለሃል። ምንጩ ይቅደም። በተቅማጥ የሚመላለስ ልጅ ጎመን ቢበላ ምን ይጠቅመዋል?

የምንጩ ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ይገንባ፤ ውኃው በቧንቧ ይውጣ። ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ ዙሪያው ይታጠር። አጥሩን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ከብት ከገባ ግን ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው። ለከብቶቹ ገንዳ ከታች ራቅ አድርጋችሁ ሥሩላቸው። መጸዳጃ ቤትም ከምንጩ በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር። እስከዚያው የሚጠጣው ይፍላ። አገሩ ከፍታ ስለሆነ ውኃው ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ወደ እርሻው ስንመጣ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ከአትክልቱ ይልቅ ጓያው ነው። ድርቁንም ረግረጉንም ስለሚችል ገበሬው አይፈረድበትም። ነገር ግን በክፉ ዘመን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ደምቢያ ይህን በሽታ አሳምራ ታውቀዋለች። ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ከእህል ጋር መቀላቀልም ይረዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከማሳው ከፊሉን ለሽንብራ መስጠት ነው። እሱም በዚያው ጥቁር አፈር፣ ክረምቱ በተወው እርጥበት ይበቅላል፤ መሬቱንም ያለማል።

ከተረፈህ ለካሮትና ለጎመን ዘር ላክ። ጎመኑ ትንሽ ዘይት ጠብ ይደረግበት፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ አይዋሐድም።