የወረዳ ሠራተኛን ለሥራ የሚያተጋው ምንድን ነው? ጥያቄና መልስ

በወረዳ የሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ ለዓመታት የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ከሠራተኞች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች ምላሽ እሰጣለሁ።

ጥያቄ፦ የመስከረም 2018 የደመወዝ ጭማሪ ሠራተኛውን ያተጋዋል ብለው ያምናሉ?

መልስ፦ ጭማሪው ተገቢ ነበር፤ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደግሞ ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። የቤት ኪራይ እያሳሰበው የሚውል ሰው ልቡ ሥራው ላይ ሊሆን ስለማይችል ደመወዝ ቀዳሚ ነው። ይሁን እንጂ ከጥቂት ወራት በኋላ የተጨመረው ብር የተለመደ ብር ይሆናል፤ ቅሬታን ያበርዳል እንጂ ብቻውን ትጋትን አያመጣም።

ጥያቄ፦ በየስድስት ወሩ የሚሞላው የሥራ አፈጻጸም ምዘናስ ለምን አላተጋንም?

መልስ፦ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በአንድ ጽሕፈት ቤት የአሥራ አንድ ሠራተኞችን የምዘና ቅጽ ስመለከት ሁሉም ከ88 እስከ 91 ነበር ያገኙት። ከእነርሱ አንዷ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ማንም ሳያዛት የተከመሩትን የይዞታ ማኅደሮች በየቀበሌው ለይታ በመደርደሯ፣ ቀድሞ «ፋይልዎ አልተገኘም፣ ሌላ ቀን ይመለሱ» ይባል የነበረው ገበሬ በመጣበት ጠዋት ጉዳዩ ያልቅለት ጀመር። እርሷ ያገኘችው 90 ሲሆን፣ ረፋድ ላይ ገብቶ ከምሳ በኋላ የማይመለሰው ባልደረባዋ ደግሞ 89 ተሰጥቶታል። ኃላፊውን ብጠይቀው «የሰው እንጀራ እንዴት ልንካ?» አለኝ፤ ውጤቱ ለደረጃ ዕድገት ውድድር ስለሚያዝ ማንንም ማስቀየም አልፈለገም። ደግነቱን አልጠላሁበትም፣ ነገር ግን በዚያ ደግነት የተቀጣችው እርሷ ናት።

ጥያቄ፦ በጀት የሌለው ኃላፊ ምን ማድረግ ይችላል?

መልስ፦ ምስጋናውን «ሁላችሁም በርቱ» ከማለት አውጥቶ ማን ምን እንደሠራ በስብሰባ ላይ ለይቶ ይናገር። የሒሳብ ባለሙያውን ሰነዱ ሳይወራረድ ለጤና መድን መዋጮ ወይም ለማዳበሪያ ሥርጭት ዘመቻ ወደ ቀበሌ አይላከው። ለሥልጠና የሚመረጠውም ሥራው የሚመለከተው እንጂ የአበል ተራው የደረሰ መሆን የለበትም።

ጥያቄ፦ ዝውውርስ?

መልስ፦ ከትዳር አጋሩ ተለይቶ በገጠር ወረዳ ለሚሠራ ባለሙያ፣ መቼ እንደሚዛወር በግልጽ ማወቁ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጥበታል።