ከአፕዴት በኋላ እምቢ ያለው ዋይፋይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍላችሁ አክብሮቴን አቀርባለሁ። በሐዋሳ ከተማ በአቶቴ አካባቢ አነስተኛ ፔንሲዮን አለኝ። እኅቴ ከውጭ አገር የላከችልኝን አይፎን 11 ከተቀበልኩ ጀምሮ አፕዴት አድርጌው አላውቅም ነበር፤ በቅርቡ ግን አንዳንድ መተግበሪያዎች አልከፈት ስላሉኝ ልጄ ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቶ አዘመነልኝ። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የቢሮዬ ዋይፋይ አይቀበለኝም። የይለፍ ቃሉን ደጋግሜ አስገብቻለሁ፤ የእንግዳ ተቀባይዋ ስልክ በዚያው ቃል ስለሚሠራ ስህተት እንደሌለበት አውቃለሁ። የሚገርመኝ ደግሞ በልጄ ስልክ ሆትስፖት የእኔም ስልክ ያለ ችግር መገናኘቱ ነው። ጥገና ቤት ብወስደው «የዋይፋዩ አይሲ ተቃጥሏል፤ መቀየር አለበት» አሉኝ። የጠየቁኝ ገንዘብ ቀላል አይደለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?
የፔንሲዮን ባለቤት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እባክዎ ገንዘቡን አይክፈሉ። ስልክዎ ጤነኛ መሆኑን የሚያሳየውን ማስረጃ ራስዎ በደብዳቤዎ ጽፈውልናል። አይሲው፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሠራው ትንሽ ቺፕ፣ የተቃጠለ ቢሆን ኖሮ የልጅዎንም ሆትስፖት ሊይዝ አይችልም ነበር፤ ሆትስፖትም ያው ዋይፋይ ነውና። ስልክዎ አንዱን ዋይፋይ ይዞ ሌላውን እምቢ ካለ፣ ችግሩ የሚገኘው በስልኩና በዚያ በአንዱ ራውተር (ዋይፋዩን በሚያሰራጨው ሣጥን) መካከል ባለው ስምምነት ላይ ነው። አንድ ስልክ ከአፕዴት በኋላ ዋይፋይ እምቢ ሲለው ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበት ይኸው ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፤ ስልኩን በሌላ ዋይፋይ፣ ዋይፋዩን ደግሞ በሌላ ስልክ መፈተን። ይህ ሳይደረግ ስልኩን ፈትቶ ስለ አይሲ መናገር፣ በሽተኛውን ሳይመረምሩ ቀዶ ሕክምና እንደ ማዘዝ ነው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ደውዬ የጠየቅሁዎ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ራውተሩን የተከለው ማን ነው፣ ሲተክለውስ ምን አደረገ? የሰጡኝ መልስ ነገሩን ፈታው። ባለሙያው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እንግዶች የቢሮውን መስመር እንዳይጠቀሙበት በማለት የእርስዎንና የሠራተኞችዎን ስልኮች ብቻ ራውተሩ ላይ መዝግቦ ሌላውን ሁሉ ዘግቷል። የእርስዎ ስልክ ዛሬም እዚያው መዝገብ ላይ ይገኛል፤ ችግሩ ግን ስልኩ አሁን ራሱን የሚያስተዋውቀው በሌላ ቁጥር መሆኑ ነው።

ይህን ላብራራው። ዋይፋይ ያለው መሣሪያ ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ «ማክ አድሬስ» የሚባል መለያ ይሰጠዋል። መለያው 12 ምልክቶች ያሉት ሆኖ ሁለት ሁለት እየሆነ ይጻፋል፤ ምልክቶቹም ከ0 እስከ 9 ያሉት አኀዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች አምራቹን ያመለክታሉ። ስልኮች ለብዙ ዓመታት በሄዱበት ሁሉ ይህንኑ አንድ ቁጥር ሲያሳዩ ኖረዋል። በዚህም ምክንያት የዋይፋይ መሣሪያ የተከለ የገበያ ማዕከል ወይም ሆቴል የአንድን ሰው ስልክ በቁጥሩ ለይቶ፣ ሰውየው መቼ እንደ መጣና መቼ ተመልሶ እንደ መጣ ሊከታተል ይችል ነበር። ይህን ለማስቀረት አንድሮይድ ከ10ኛው ዝርያው ጀምሮ በ2019፣ አይፎን ደግሞ ከሶፍትዌሩ ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ በ2020 (ሁለቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ስልኩ እውነተኛ ቁጥሩን ደብቆ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የተለየ፣ በዘፈቀደ የተፈጠረ ቁጥር እንዲሰጥ አደረጉ። አይፎን 11 ገበያ ላይ የዋለው ከአይኦኤስ 13 ጋር ነው። እርስዎም አፕዴት ሳያደርጉ ስለ ቆዩ፣ ሌላው ሰው ከዓመታት በፊት ያለፈውን ለውጥ በአንድ ሌሊት ተሻገሩት። ስልክዎ በአዲስ ቁጥር ሲመጣ ራውተሩ መዝገቡን አይቶ «አላውቅህም» አለው። የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ መከልከልዎ ከዚህ የመጣ ነው።

በዓይንዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ዋይፋይ የሚለውን ይክፈቱ፤ ከቢሮዎ ዋይፋይ ስም ጎን በክብ ውስጥ የተቀመጠችውን ትንሽ «አይ» ፊደል ሲነኩ ስልክዎ ለዚያ ዋይፋይ የሚሰጠው አድራሻ ተጽፎ ያገኙታል። ከግራ ሁለተኛውን ምልክት ብቻ ይመልከቱ። ምልክቱ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አድራሻው የፋብሪካው ሳይሆን በዘፈቀደ የተፈጠረው ነው። እዚያው ገጽ ላይ «ፕራይቬት ዋይፋይ አድሬስ» የሚለውን ለዚህ ለቢሮዎ ዋይፋይ ብቻ ያጥፉት፤ ስልክዎ በቀድሞው ቁጥሩ ስለሚቀርብ ራውተሩ ይቀበለዋል። አንድሮይድ የሚጠቀሙ አንባቢዎችም በዋይፋዩ ስም ሥር «ፕራይቬሲ» ወይም «ማክ አድሬስ ታይፕ» በሚል ስም ተመሳሳይ ምርጫ ያገኛሉ።

ሌላው አማራጭ አዲሱን ቁጥር ራውተሩ ላይ ማስመዝገብ ነው። ይሁን እንጂ ከአይኦኤስ 18 ወዲህ በየጊዜው የሚቀያየር ቁጥር የመምረጥ ዕድል ስላለ፣ ስልክዎ በዚያ ላይ ከተቀመጠ ያስመዘገቡት ቁጥር ሰንብቶ መልሶ ይከዳዎታል። ስለዚህ ለእርስዎ የሚሻለው የመጀመሪያው ነው። በሐይቁ ዳር ባሉ ካፌዎችና በሌሎች የሕዝብ ዋይፋዮች ላይ ግን ጥበቃው እንደ በራ ይቆይ፤ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ሳልጨምር ባልፍ ቅር ይለኛል። ይህ በቁጥር የመመዝገብ ዘዴ እንደሚታሰበው ያለ ቁልፍ አይደለም። ቁጥሮቹ በአየር ላይ ሳይሸፈኑ ስለሚተላለፉ፣ ትንሽ ዕውቀት ያለው ሰው ከግቢው ውጭ ቆሞ የተፈቀደውን ቁጥር አንብቦ የራሱን መሣሪያ በዚያ ቁጥር ማቅረብ ይችላል። ቢሮዎን በእውነት የሚጠብቀው ረዥም የይለፍ ቃልና የራውተሩ የደኅንነት ዓይነት ነው፤ እሱም ቢያንስ በአውሮፓውያኑ 2004 የወጣው ደብሊውፒኤ 2፣ ራውተሩ ከቻለ ደግሞ በአውሮፓውያኑ 2018 የወጣው ደብሊውፒኤ 3 መሆን አለበት። ስልክዎ ከአፕዴቱ በኋላ ከዋይፋዩ ስም ሥር «ዊክ ሴኪዩሪቲ» (ደካማ ጥበቃ) የሚል ማስጠንቀቂያ ካሳየ፣ ራውተሩ አሁንም በአሮጌው ዓይነት ላይ መሆኑን እየነገረዎ ነውና ባለሙያውን ያስጠሩት።

ለእንግዶች ያዘጋጁትን ዋይፋይም በዚሁ አጋጣሚ ያስፈትሹት። ራውተር ለተገናኘው ስልክ ሁሉ ከተወሰነ ክምችት ላይ የአይፒ ቁጥር (ስልኩ በመስመሩ ላይ የሚታወቅበትን ጊዜያዊ አድራሻ) ያከፋፍላል፤ ክምችቱ እንደ አቀማመጡ 50 ወይም 100 ሊሆን ይችላል፤ አንዴ የሰጠውን ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ለ24 ሰዓት ይዞ ያቆየዋል። ስልኮች የማክ ቁጥራቸውን እየቀያየሩ ሲመጡ አንዱ እንግዳ እንደ ሁለት ሰው ሊቆጠር ይችላል፤ ፔንሲዮኑ በሚሞላበት ቀን ክምችቱ ያልቅና አዲስ ገቢው እንግዳ «ኦብቴይኒንግ አይፒ አድሬስ» በሚለው ጽሑፍ ላይ ቆሞ ይቀራል። የማቆያውን ጊዜ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ማሳጠር ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን የምኖረው በታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ስልኬ አንድሮይድ ነው። አፕዴቱ ሲያልቅ የሚያሳየኝ ቀን የፈረንጆቹ ሆኖ ስላገኘሁት አውቶማቲኩን አጥፍቼ 2017 ብዬ አስተካከልኩት። ከዚያ ወዲህ ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፤ ምልክቱም ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ «ኢንተርኔት የለም» የሚል ጽሑፍ ያሳያል። ዳታ ስከፍትም ያው ነው። ጎረቤቶቼ ስልኩ በአፕዴቱ ተበላሽቷል ይላሉ። እውነት ነውን?
ጡረተኛ መምህር፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ መምህር፣ ስልክዎ አልተበላሸም። ምክንያቱ ራስዎ ያስገቡት 2017 ነው። የአገራችንን ዘመን በስልክዎ ላይ ለማየት መፈለግዎ የሚገባ ነገር ነው፤ ነገር ግን ስልኩ የሚያስገቡለትን ዓመት ሁሉ የሚረዳው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ስለሆነ ራሱን ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል።

ቀኑ መሳሳቱ ኢንተርኔቱን የሚያግደው እንዲህ ነው። ዛሬ ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች ከስልክዎ ጋር የሚነጋገሩት ማንነታቸውን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት በቅድሚያ አቅርበው ነው። የምስክር ወረቀቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ተጽፎበታል፤ ከአውሮፓውያኑ 2020 ወዲህ የሚሰጡት ደግሞ ከ398 ቀን ያልበለጠ ዕድሜ ነው ያላቸው። ስልክዎ ቀኑን ከ2017 ጋር ሲያመሳክር የሁሉም ወረቀት መነሻ ቀን ገና ወደ ፊት የሚመጣ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከወደፊት የመጣ ምስክርን ደግሞ አያምንም፤ ስለዚህ በሩን ይዘጋል። አንድሮይድ ኢንተርኔት መኖሩን የሚያረጋግጠውም አንድ የታወቀ አድራሻን በዚሁ መንገድ ነክቶ በማየት ስለሆነ፣ ሙከራው ሲከሽፍበት መስመሩ ደኅና ሆኖ ሳለ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ይጽፋል። በዋይፋይም በዳታም አንድ ዓይነት መሆኑ መንስኤው ከሁለቱ መስመሮች ሳይሆን ከስልኩ ውስጥ መሆኑን ያሳያል።

ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚለውን ከፍተው አውቶማቲኩን መልሰው ያብሩት፤ ከዚያ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት። ሰዓቱንም በእጅዎ በእኛ አቆጣጠር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓትን 2፡00 ብለው አያስገቡ። የአገራችንን ቀን ለማየት የኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ መጫን ይችላሉ፤ እሱ የስልኩን ሰዓት ሳይነካ ቀኑን ያሳይዎታል።

ቀናቸው ትክክል ሆኖ ሳለ በዋይፋይም በዳታም ይህንኑ ጽሑፍ የሚያዩ ሌሎች አንባቢዎች ሁለት ቦታዎችን ይመልከቱ። አንደኛው ቪፒኤን፣ ማለትም የስልኩን ግንኙነት በሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈው መተግበሪያ ነው። ቪፒኤን ሁልጊዜ እንዲሠራ፣ ያለ እሱም ምንም ነገር እንዳያልፍ ተደርጎ የተቀመጠ ከሆነና መተግበሪያው ከአዲሱ ሶፍትዌር ጋር መሥራት ካቃተው፣ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ይታፈናል። ሁለተኛው ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ የመጣው «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» ነው፤ ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚመልስ አገልግሎት ነው፤ አንድ ጊዜ ማስታወቂያ ለመከላከል ብለው እዚያ ላይ የአንድ አገልግሎት ስም የጻፉ ሰዎች ነገሩን ረስተውት ይገኛሉ፤ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ወይም መስመሩ ሲያግደው የትኛውም ድረ ገጽ አይከፈትም። ወደ «አውቶማቲክ» መመለስ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስልኬ አፕዴት ካደረገ በኋላ የዋይፋዩ ማብሪያ ጨርሶ አይበራም፤ ስነካው ተመልሶ ይጠፋል። ብሉቱዙም እንዲሁ ነው። ሶፍትዌሩን ወደ ቀድሞው ባስመልሰው ይስተካከላል?
ተማሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ከላይ ካሉት ሁለቱ የተለየ ነው። ዋይፋይና ብሉቱዝ በብዙ ስልኮች ላይ የሚኖሩት በአንድ ቺፕ ውስጥ ስለሆነ፣ ሁለቱ አንድ ላይ እምቢ ማለታቸው ቺፑ ራሱ አለመነሳቱን ይጠቁማል። በመጀመሪያ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት፤ ቀጥሎ ከመጀመሪያው አፕዴት በኋላ የመጣ ማረሚያ ካለ ይጫኑ፤ ይህም ካልረዳ «ሪሴት ኔትወርክ ሴቲንግስ» የሚለውን ይሞክሩ። ይህ ፎቶግራፍና መልእክት አይነካም፤ የተቀመጡ የዋይፋይ ቃሎችን፣ የብሉቱዝ ትስስሮችንና የዳታ አቀማመጥን ግን ይሰርዛል። ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ በስልኩ ውስጥ የሚቀመጥ ሲም) የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ኢሲሙንም እንዲያጠፋ የሚጠይቀው ሣጥን ምልክት እንዳይደረግበት ይጠንቀቁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ገጽ ላይ የዋይፋይ አድራሻው ቦታ ባዶ ሆኖ ከቆየ፣ ጉድለቱ የዕቃ ነውና ለፔንሲዮኑ ባለቤት አይክፈሉ ያልኩትን ለእርስዎ አልለውም፤ ወደ ጥገና ይውሰዱት።

ሶፍትዌሩን ወደ ቀድሞው ማስመለስን ግን አልመክርም። በተለመደው መንገድ ፍላሽ ሲደረግ (ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ሲጫን) በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይህን የምለው በቤቴ ስላየሁት ነው። እኅቴ ከአፕዴት በኋላ ዋይፋይ እምቢ ያለውን ስልኳን ወስዳ ለጥገና ቤት ሰጠች፤ የተቀበላት ወጣት «ሶፍትዌር ልጫንበት» አላት፤ እሷም የቃሉን ትርጉም ሳትረዳ እሺ አለች። ማታ ስልኩ ሲመለስ እንደ አዲስ ባዶ ነበር። እናታችን ከማረፏ በፊት በነበሩት ወራት የላከችላት የድምፅ መልእክቶች እዚያ ውስጥ ብቻ ነበሩ። ዋይፋዩ ያን ዕለትም አልሠራም፤ በማግስቱ ራውተሩን ከሶኬቱ ነቅለን መልሰን ብንሰካው ሠራ።

ስለዚህ ስልክዎን ከመስጠትዎ በፊት ዳታዎን ከፍተው ወይም በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ፎቶግራፍዎንና የትምህርት ሰነዶችዎን ይቅዱ። ለጥገና ባለሙያውም «ውስጡ ያለው ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?» የሚለውን ጥያቄ በዚያው ቃል ያቅርቡ፤ መልሱን ሳይሰሙ የስልክዎን መክፈቻ ቁጥር አይስጡ።