ስምጥ ሸለቆን ልለካ ወጥቼ ዋልካ ለካሁ

«የፕሌት (የምድርን ገጽ የሠሩት ግዙፍ የአለት ክፋዮች) እንቅስቃሴን በስምጥ ሸለቆ ላይ በጂፒኤስ ለመለካት አንድ ዓመት ይበቃኛል ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ አይበቃህም። እኔም ለማስተርስ ጽሑፌ እንዳንተው ቸኩዬ ነበር።

1. ሒሳቡን አስቀድም። በምዕራብ ያለው የኑቢያና በምሥራቅ ያለው የሶማሊያ ፕሌት በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሚራራቁት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሪሲቨሩን (የጂፒኤስ መቀበያውን) በየመለኪያ ነጥቡ ሁለት ሦስት ቀን ብታቆመው እንኳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስህተት አይቀርልህም። በአንድ ዓመት ውስጥ እንቅስቃሴውን ከስህተቱ አትለየውም። ቢያንስ ሦስት ዓመት ያስፈልግሃል።

2. ነጥብህን አለት ላይ ትከል። ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው። መኪና የተፈቀደልኝ ለሦስት ቀን ብቻ ነበር፤ ሪሲቨሩን ያዋሰኝ መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ደብዳቤ አስቀይሮኝ ጊዜዬን በልቶታል። (ፕሌቱ እንኳ ከእነሱ ፋይል ይፈጥናል።) አለቱ ያለው ኮረብታው ላይ ነው፣ አርባ ደቂቃ በእግር። ሰነፍኩና ማሳ ጫፍ ላይ ኮንክሪት ሞልቼ የነጥቡን ምልክት ብረት ተከልኩ። መስከረም ላይ ለካሁ። ጥር ላይ ደግሜ ስለካ ነጥቤ 18 ሚሊ ሜትር ሄዷል! ታሪክ የሠራሁ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ላረጋግጥ ስመለስ የማሳው ባለቤት አባባ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አጥሬን በየዓመቱ ነው የማቀናው።» ጎንበስ ብዬ ሳይ ከኮንክሪቱ ሥር ያለው ስንጥቅ እጄን እስከ አንጓው ዋጠው።

3. አማካሪዬ ያልነገረኝን ልንገርህ። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስትሄድ ብታይ አትደንግጥ። ከተማዋ ያለችበት መላው የኑቢያ ፕሌት ነው የሚሄደው። ያንን ቀንሰህ የሚተርፈውን ተመልከት።

ጊዜ ከሌለህ አፋርን በሳተላይት ራዳር ለካ። የሴንቲኔል-1 (የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት) ምስል በነፃ ይወርዳል። በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት እስከ 8 ሜትር ሲከፈት በደንብ የታየው በራዳር ነው። ለዘገምተኛው 5 ሚሊ ሜትር ግን ራዳሩም ይቸገራል፤ እርሻና ዛፍ ያለበት ቦታ ምስሉን ያበላሸዋል።

እኔ በመጨረሻ ኮረብታውን ወጣሁት። ሦስት ዓመት ተመላልሼ ለካሁ፤ አሁን ቁጥሬ ሌሎች ተመራማሪዎች ከለኩት ጋር ገጥሟል። የድሮውን ኮንክሪት አባባ ማጭድ መሳያ አድርገውታል።