ሦስት ልጅ፣ አንድ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ 2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዲፓርትመንታችን ለአይሲፒሲ ውድድር (የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቡድን ኮድ እየጻፉ ጥያቄ የሚፈቱበት ዓለም አቀፍ ውድድር) ተመዝገቡ የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። ኮድ እጽፋለሁ፣ ተወዳድሬ ግን አላውቅም። ልግባበት? እህታችሁ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ግቢበት እንጂ እህቴ! ቡድኑ 3 ልጅ ነው፣ የሚሰጣችሁ ግን አንድ ኮምፒውተር ብቻ፣ ውድድሩም 5 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ አንዱ ሲጽፍ ሌሎቹ ወረቀት ላይ ያስባሉ፤ ፈጣን ጣት ብቻውን አያዋጣም። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ለፈታችሁት ጥያቄ ቀድማችሁ የላካችሁት እያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ ጊዜያችሁ ላይ 20 ደቂቃ ቅጣት ያስጨምራል። ከመላክሽ በፊት ኮድሽን በትንሹ ቁጥር፣ በትልቁ፣ በዜሮም በእጅሽ ሞክሪው፤ ብዙ ጎበዝ ልጆች እዚህ ጋ ነው የሚወድቁት። ጥያቄ በፈታችሁ ቁጥር ጠረጴዛችሁ ላይ ፊኛ ይታሰራል፣ የመጀመሪያዋን መቼም አትረሻትም። ከኮድ ቋንቋዎች ሲ ፕላስ ፕላስ ወይም ፓይተን ከቻልሽ ይበቃል። ዛሬውኑ ሁለት ጓደኛ ፈልጊና ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ላፕቶፕ ላይ ተለማመዱ።