ስፖኪዮውን መታሁት

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ከጀመሩ ወዲህ አንብቤ ያለፍኩት ሳምንት የለም፤ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ቤቴ መገናኛ አካባቢ ነው፣ መሥሪያ ቤቴ አራት ኪሎ። ከአንድ ዓመት ወዲህ የምመላለሰው በሳይክል ነው። ስፖርት ወድጄ እንዳይመስልዎት፤ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ስለመረረኝ ነው። የኮሪደር ልማቱ በዚያ መስመር የሳይክል መንገድ ሲያወጣ አንድ አሮጌ ሳይክል ገዛሁ። የቀበናን ዳገት ወርጄ ነው የምገፋው፣ አልዋሽዎትም። እንዲያም ሆኖ ሰልፍ ላይ ከምቆመው ጊዜ ባነሰ ቢሮዬ እደርሳለሁ።

የቸገረኝ መንገዱ ላይ መኪና የሚያቆሙት ሰዎች ናቸው። በሕንፃዎቹ መግቢያ በኩል ይወጡና የሳይክሉን መንገድ ዘግተው ይቆማሉ። ፍሬቻ በግራም በቀኝም ያበሩና «አንዴ ነው» ብለው ይወርዳሉ። አንዱ ዳቦ ሊገዛ፣ አንዱ ሰው ሊጠብቅ። ሞተረኞቹን ተዋቸው፣ መንገዱ ለነሱ የተሠራ ነው የሚመስላቸው። እኔ ከጠርዙ ወርጄ አስፋልት እገባለሁ፤ ከኋላ ሚኒባሱ ክላክሱን ያንባርቅብኛል።

መጀመሪያ ዝም እል ነበር። ከዚያ እጄን ማወናጨፍ ጀመርኩ። ከዚያ መናገር። ከዚያ መሳደብ። ተሳዳቢ ሰው አልነበርኩም፤ ቤታችን ውስጥ እንኳ ድምፄ ከፍ ብሎ አያውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ነጭ ቪትዝ ሁልጊዜ በሚቆምበት ሕንፃ በር ላይ ቆሟል። ልጠጋው ስል በሩ ተከፈተ። የኋላ ፍሬኔ ላልቶ ስለሰነበተ በእግሬ ጭምር ነው ያቆምኩት። «አንተ! አታይም እንዴ?» አልኩት። ሰውዬው ቀስ ብሎ ወረደ። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ሳይክሌንም አየ። ከዚያ «ሂድ ባክህ፤ መጀመሪያ መኪና ግዛና ታወራለህ» አለኝ። ሰው ቆሞ ያያል። አንዲት ሻይ የያዘች ልጅ ሳቀች። የሕንፃው ጥበቃም ፈገግ አለ መሰለኝ። እንደዚያ ተንቄ አላውቅም። አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይግላል። ማታ ተኝቼ ሳለ «እንዲህ ብለው ኖሮ» እያልኩ መልስ እፈልግለታለሁ።

ስፖኪዮውን በእጄ መታሁት፣ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ሰውዬው ከኋላ የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ መጣ። ጥበቃው ወገቡን ይዞ አስቀረልኝ። እኔ ሳይክሌ ላይ ወጥቼ ሸሸሁ። ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ ነው የምሄደው።

ለባለቤቴ የነገርኳት ግማሹን ነው። በግማሹም «ለሁለት ሜትር መንገድ ብለህ ልጆቼን ያለ አባት ልታስቀር ነው?» አለችኝ። እንደኔ በሳይክል የሚመላለስ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ዝም ካልን እኮ በዓመቱ መንገዱ ፓርኪንግ ነው የሚሆነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ታዲያ ሳይክል ነጂ ሕግ የሚጥስ ሾፌርን ፊት ለፊት መናገር አለበት? ወይስ አንገቱን ደፍቶ ማለፍ?

መላ ያጣሁት፣ ከመገናኛ

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን እርሳስ ይዤ።

ፍሬንህ እንደላላ በግማሽ መስመር ነገርከኝ። ስፖኪዮውን መምታትህን በአንድ ዓረፍተ ነገር። «መጀመሪያ መኪና ግዛ» ያለህን ግን ከነሻይ ያዟ ልጅ ሳቅ ጋር ዘርዝረህ ጻፍከው። ስለዚህ ለሳይክል መንገዱ ብለህ አልመታህም። ለዚያች ቃል ብለህ ነው።

አልፈርድብህም። ከተማችን ውስጥ መኪና ማዕረግ ነው። በመኪና የመጣ ሰው ጥበቃው ሰላምታ ሰጥቶ በር ይከፍትለታል። በሳይክል የመጣ «ወዴት ነው?» ይባላል። ሳይክል ወይ የልጅ መጫወቻ ነው፣ ወይ የተቸገረ ሰው መጓጓዣ። (ሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. 1956 ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ይህን ለዚያ ሰውዬ ብትነግረው አይገርመውም፤ እኔ ግን ሳስበው ደስ ይለኛል።)

አሁን ወደ ጥያቄህ። ተናገር እልሃለሁ። ግን የቆመ መኪና ሲሆን ብቻ፣ ሰውዬው አሁኑኑ ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር ሲሆን ብቻ፣ አንተም እጅህ ሳይንቀጠቀጥ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እለፍ።

የሚሄድ መኪናን ለምን እንዳወጣሁት ልንገርህ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። አንተ «ኧረ ቀስ!» ብለህ ሳትጨርስ እሱ ቀበና ነው። መብራት ላይ ደርሰህበት መስታወቱን ብታንኳኳ ደግሞ የምን እንደሆነ አያውቅም። አንተ ሞትን በክንድ ርቀት አይተሃል፤ እሱ ሬዲዮ እየሰማ ነበር። ለእሱ ድንገት የመጣ እብድ ነህ። የደነገጠ ሰው ደግሞ እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ ነው። ቪትዝ ትንሽ ናት እንላለን እንጂ አንድ ቶን ገደማ ትመዝናለች። መኪና ሲታጠፍብህ ዝም ብለህ ወደ ዳር ውጣ፣ ቁም፣ ተንፍስ። ሰሌዳውን ከያዝከው፣ ከነኮዱ ከነቁጥሩ፣ ከቆምክ በኋላ ጻፈው። መንገድ ላይ ያለው ትራፊክ ፖሊስ የሚጠይቅህ እሱን ነው።

መኪና ላይ እጅ ማሳረፍ ደግሞ በፍጹም አይሆንም። ኮፈኑን መደብደብም፣ ጣሪያውን ማንኳኳትም ያው ነው። እሱ ትራፊክ ፖሊስ ቢመጣበት የሚቀጣው ያለቦታው በማቆሙ ነው። አንተ ግን ንብረት ሰብረሃል፤ በወንጀል ሕጋችን የምትጠየቀው አንተ ነህ። በአንዲት ጥፊ ከሳሽ የነበርከው ሰው ተከሳሽ ሆንክ።

እኔም ሾፌር ነኝ፣ ልደብቅህ አልችልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቦሌ አንድ ፋርማሲ በር ላይ አቆምኩና ስልኬን እያየሁ በሩን ከፈትኩ። የፍሬን ጩኸት ሰማሁ። ቀና ስል አንድ ሽበታም ሰው አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ከበሬ ጫፍ አጠገብ ቆሟል። የፊት ጎማው በሩን ሊነካ የቀረው ምናልባት አንድ ስንዝር ነው። ስድቡን ጠበቅኩ። መልሱንም አዘጋጀሁ፣ አፌ ላይ ነበረ። ሰውዬው ግን «እህቴ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠብኝ ነው፤ እስኪ ትንሽ ልቁም» አለኝ። ቆመ። እኔም ቆምኩ። መሄድ አልቻልኩም፣ መድኃኒቱንም መግዛት አልቻልኩም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ «ከመክፈትሽ በፊት ስፖኪዮ እዪ» ብሎኝ ሄደ።

ቢሰድበኝ ኖሮ ቤቴ ገብቼ ስለ ባለጌ ሳይክለኛ ነበር የማወራው። ከዚያን ቀን ወዲህ የመኪናዬን በር በቀኝ እጄ ነው የምከፍተው። ሞክረው፤ ቀኝ እጅ ወደ ግራ በር ሲሄድ ትከሻ ይዞራል፣ ዓይንም አብሮ ወደ ኋላ ያያል።

አንተ ያልከውን ደግሞ እንይ። «አንተ! አታይም እንዴ?» በኛ ቋንቋ ጠብ የሚጀምረው «አንተ!» ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚባለው ሁሉ ስለ መንገዱ መሆኑ ይቀርና ማን ማንን ደፈረ ይሆናል። ስለዚህ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው በአክብሮት ጀምር። ሕግም አትጥቀስ። ሕግ ስትጠቅስለት ሰውዬው ከሕጉ ጋር ሳይሆን ካንተ ጋር ነው የሚሟገተው። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ላስቸግርዎት፤ ልለፍ?» በለው። በቃ። ልለፍ ለሚል ሰው መኪናውን ከማንሳት ሌላ መልስ ማግኘት ይከብዳል። «አንዴ ነው» ካለህ «እሺ፣ እጠብቃለሁ» በልና ቁም። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ከሚሳደብ ሰው ይበልጥ ይከብዳል፤ እኔ ላይ ደርሷል። ስትቆም ግን ከመኪናው ፊት አይሁን፣ ከጎን ራቅ ብለህ ሁን። እጅህ ፍሬን ላይ ይሁን። ሰውዬው ከተቆጣ ውረድና ሳይክልህን እየገፋህ በእግረኛው በኩል እለፍ። በእሱ ዓይን ተሸንፈሃል፤ ይሁና።

ባልደረባህ ምናልባት «ቪዲዮ እንቅረጻቸው» ይልህ ይሆናል። ለንደን ውስጥ ጄረሚ ቫይን የሚባል የቢቢሲ ጋዜጠኛ አለ፤ በሳይክል የሚመላለስ፣ ካሜራ የማይለየው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኬንሲንግተን በሚባለው ሰፈር ከኋላው የነበረች አሽከርካሪ ከመኪናዋ ወርዳ ስትዝትበት ካሜራው ቀረጸ። በዓመቱ ፍርድ ቤት 9 ወር እስራት ፈረደባት። እዚያ ፖሊስ ከሳይክለኞች ቪዲዮ በኢንተርኔት ይቀበላል፣ ይቀጣበታልም። እንዲያም ሆኖ ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ2025 የሳይክል ቪዲዮዎቹን መለጠፍ አቆማለሁ አለ። የሚዘንብበት ስድብና ዛቻ በዝቶበት ነው። ያን ሁሉ ዝና የያዘ ሰው ካልቻለው፣ አንተ ስልክህን አንድ እጅህ ላይ ይዘህ፣ በላላ ፍሬን፣ ቲክቶክ ላይ ልትለጥፍ? ተወው።

ባልደረባህ ግን በዋናው ነገር ልክ ነው። ሁሉም ዝም ካለ መንገዱ ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተጀመረ ሰሞን ትዝ ይለኛል፤ በወር አንድ እሑድ መኪና ታግዶ ልጆች አስፋልቱ መሐል ኳስ ሲጫወቱ። ያኔ የሳይክል መንገድ እነ ጀሞ በኩል እንጂ እኛ ጋ አልነበረም። አሁን መጥቷል፤ የሚጠብቀው ሰው ነው የጠፋው።

የሚጠብቀው ማን ይመስልሃል? እኔ እንደሚመስለኝ ያ ፈገግ ያለብህ ጥበቃ ነው። ቪትዟ በየጠዋቱ እዚያ የምትቆመው ጥበቃው «ና፣ ና፣ በቃ» እያለ ስለሚያስገባት ይሆናል። እሱም ምናልባት ቦታ አጥቶ ነው፤ አለቆቹ «ደንበኛ አትመልስ» ብለውትም ይሆናል። ደግሞ አትርሳ፣ ብረት የያዘውን ሰውዬ ወገቡን ይዞ ያስቀረልህ እሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በእግርህ ሂድ። ሰላም በለው፣ አመስግነው፣ ሻይ ጋብዘው። «መኪናዎቹ ትንሽ ወደ ውስጥ ቢገቡ እኮ እኔም አልወድቅም» በለው። ካልሆነ ከባልደረባህና ከሌሎች ሁለት ሦስት ሳይክለኞች ጋር ሆናችሁ ለሕንፃው አስተዳደር አንድ ገጽ ደብዳቤ አስገቡ። ቀጥሎ የወረዳው ደንብ አስከባሪዎች አሉ፤ አንድ ሰው መንገድ ላይ ሲጮህ የማይሰማቸውን አምስት ሰው ፈርሞ ሲያስገባው ይሰሙታል። ይህ ቀርፋፋ መንገድ ነው፤ ለማታው ንዴትህ ምንም አያደርግልህም። ሾፌሩ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ነው፣ ጥበቃው ያው ነው።

ባለቤትህ ደግሞ የቀረውን ግማሽ ትስማ። እኔ ከሷ በፊት መስማት አልነበረብኝም።

ስፖኪዮውንም ክፈል። ስሜ ይጠፋል ብለህ እንዳትፈራ፤ ሰውዬው የሚያውቅህ እንደሸሸ ሰው ነው፣ ከዚያ የባሰ ስም የለም። ብቻህን እንዳትሄድ። መጀመሪያ ለጥበቃው ንገረው፣ እሱ ይንገርለት፤ ከዚያ ባልደረባህን ይዘህ ሂድ። የተሰነጠቀው መስታወቱ ብቻ ከሆነ ሶማሌ ተራ ለብቻው አይጠፋም። ስታስረክበው ስለ ሳይክል መንገዱ አንድም ቃል አትናገር። ይቅርታ ላይጠይቅህ ይችላል፤ «መኪና ግዛ» ያለውንም ላያነሳው ይችላል። ቢያንስ በሌላ መንገድ መዞርህ ያበቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ዛሬ ከሥራ ስትወጣ፣ ያን የኋላ ፍሬን አሠራው።