ጠያቂና መላሽ፦ ኳንተም ኮምፒውተር መጥቶ ቢትኮይኔን ይወስድብኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ከዛሬ ስድስት ዓመት በፊት ውጭ ያለው ወንድሜ ትንሽ ቢትኮይን ልኮልኝ ነበር። አንዴ ብቻ ለእናቴ ሕክምና ግማሹን አውጥቼ የቀረውን እዚያው አድራሻ ላይ ተውኩት። ዋሌቴን የሚከፍቱትን 24 ቃላት ደብተር ላይ ጽፌ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሰሞኑን ከዚራ ቡና ስንጠጣ ጓደኛዬ «አቦ ኳንተም መጥቷል፣ ፊርማውን ሁሉ ይሰብረዋል፣ ቶሎ ሽጥ» አለኝ። ሌላ ሰው ደግሞ በቴሌግራም «ኳንተም የማይሰብረው ዋሌት አለኝ፣ ቃላቱን ላክልኝና ላዛውርልህ» እያለ ይነዘንዘኛል። እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያቺን ደብተር ወደ ሻንጣዋ መልሳት። ቃላቱን ለማንም አትላክ። ላዛውርልህ የሚልህ ሰው ኳንተም ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ ቃላቱን ካገኘ በእጁ ባለው ስልክ በሁለት ደቂቃ ባዶ ያስቀርሃል። ዛሬውኑ ብሎክ አድርገው። ሽጥ ስላለህ ደግሞ፣ ብሔራዊ ባንክ ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ሕገወጥ መሆኑን በ2014 ዓ.ም. አሳውቋል፣ እና በድንጋጤ ከማታውቀው ሰው ጋር መንገድ ላይ መገበያየት ሌላ ጣጣ ነው የሚያመጣብህ።

ጓደኛህ ግን ዝም ብሎ አላወራም። ነገሩ እንዲህ ነው። ኳንተም ኮምፒውተር ከተለመደው ኮምፒውተር በተለየ የፊዚክስ ሕግ የሚያሰላ ማሽን ነው። አንተ ጋ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ አለ፣ ከ24ቱ ቃላት የሚወጣው። ከሱ ደግሞ ይፋዊ ቁልፍ ይሠራል። ከምስጢራዊው ይፋዊውን ማውጣት ቀላል ነው፣ ወደ ኋላ መመለሱ ግን ዛሬ ላሉት ኮምፒውተሮች የማይሞከር ነው፤ የቢትኮይን ፊርማ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህች አንዲት ነገር ላይ ነው። ፒተር ሾር የሚባል የሒሳብ ሰው ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1994 በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ወደ ኋላ መመለስ እንደሚችል በሒሳብ አሳየ። ያኔ ማሽኑ ያለው ሰው ይፋዊ ቁልፍህን አይቶ በአንተ ስም ፈርሞ ገንዘብህን ማውጣት ይችላል ማለት ነው።

አንተን የሚነካህ ቀጥሎ ያለው ነው። ቢትኮይን ስትቀበል ሰው የሚያየው አድራሻህን ነው። በአብዛኞቹ የአድራሻ ዓይነቶች አድራሻው ራሱ ቁልፉ አይደለም፣ የቁልፉ የተፈጨ ቅርጽ ነው፤ ጤፉን ትፈጨዋለህ እንጂ ዱቄቱን መልሰህ ጤፍ አታደርገውም፣ የሾርም ዘዴ ይህንን አይፈታውም። ነገር ግን አንዴ ከአድራሻው ካወጣህ፣ ፊርማህን ለማረጋገጥ ሲባል ይፋዊ ቁልፍህ አብሮ ይወጣል። ብሎክቼይን በሚባለው፣ ግብይት ሁሉ በሚመዘገብበት ይፋዊ መዝገብ ላይ የወጣ ነገር ደግሞ አይጠፋም። አንተ ለእናትህ ስታወጣ ቁልፉ ታይቷል፣ የቀረው ገንዘብ ደግሞ እዚያው ተቀምጧል። ስለዚህ ራስህ፣ በራስህ ዋሌት፣ አዲስ አድራሻ ከፍተህ ወደዚያ አዛውረው። የድሮውን ሁለተኛ አትጠቀምበት። አዲሱ በ«ቢሲ1ኪው» (bc1q) የሚጀምር ይሁን፤ በ«ቢሲ1ፒ» (bc1p) የሚጀምረው ታፕሩት የተባለው የአድራሻ ዓይነት ይፋዊ ቁልፉን ከመጀመሪያው ግልጽ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ይህ የመጨረሻ መፍትሔ አይደለም፣ ምክንያቱም ወደፊት ስታወጣ ግብይቱ ብሎክ ውስጥ (የመዝገቡ አዲስ ገጽ በለው) እስኪገባ ባሉት አሥር ምናምን ደቂቃዎች ቁልፉ መታየቱ አይቀርም። ግን ለዓመታት ተጋልጦ ከመቀመጥ በብዙ ይሻላል።

መቼ ይመጣል ብትለኝ፦ ዛሬ የለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ያሳየው ዊሎው የተባለው ቺፕ 105 ኪውቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ የማስያ ክፍል) ነው ያለው፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ግን በመቶ ሺዎች ወይም በሚሊዮኖች ይገመታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግምቱ እየወረደ መምጣቱ ነው። አርኤስኤ የተባለውን ሌላ ቁልፍ ለመስበር እ.ኤ.አ. በ2019፣ 20 ሚሊዮን ኪውቢት ያስፈልጋል ተብሎ ነበር፣ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በታች ይበቃል ተባለ። የደቻቱን ወንዝ የምታውቅ ሰው ነህ። አሸዋው ደርቆ ሰው ይሻገረዋል፣ ዝናቡ ግን ላይ ደጋው ላይ እየዘነበ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት የመጣውን ጎርፍ ድሬ ውስጥ ማንም አልረሳውም።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ኳንተም የማይሰብራቸው ፊርማዎች ተሠርተዋል ይባላል። ታዲያ ቢትኮይን ለምን ነገ አይቀይርም? ማንስ ነው የሚከለክለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፊርማዎቹ አሉ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 ሁለቱን አጽድቋል፦ ኤምኤል-ዲኤስኤ እና ኤስኤልኤች-ዲኤስኤ። ጣጣው መጠናቸው ነው። የታፕሩት ፊርማ 64 ባይት ነው። ኤምኤል-ዲኤስኤ ትንሹ 2,420 ባይት፣ ይፋዊ ቁልፉ ብቻ 1,312 ባይት። ኤስኤልኤች-ዲኤስኤ ደግሞ በትንሹ 7,856። ብሎኩን በየአሥር ደቂቃው እንደሚነሳ አንድ ፉርጎ አስቢው፣ ስፋቱ የተወሰነ። እስከ ዛሬ እያንዳንዱ መንገደኛ በእጁ ዘንቢል ይዞ ነበር የሚገባው፣ አሁን ሁሉም ቁም ሳጥን ተሸክሞ ይምጣ ብትይ ስንቱ ይገባል? ፉርጎውን እናስፋው የሚል አለ፣ ፊርማውን እናሳንሰው የሚል አለ፣ ክርክሩ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ሰው ነው። ቢትኮይን አለቃ የለውም። ታፕሩት ብዙ ተቃዋሚ ያልነበረው ለውጥ ሆኖ እንኳ ሐሳቡ ከቀረበበት እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ ኅዳር 2021 ፈጅቷል። አሁን ቢፕ 360 የሚባል ሐሳብ ቀርቧል፣ ቁልፍን የማያጋልጥ አዲስ የአድራሻ ዓይነት ለመጨመር። ጥሩ ጅምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ከፀደቀ በኋላም ሥራው አያልቅም። አንቺ የድሬ ልጅ ነሽና ባቡሩን አስቢው። የድሮው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፣ የአዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲሜትር። የድሮው ፉርጎ አዲሱ ሀዲድ ላይ አይሄድም፤ ዕቃው ወርዶ እንደገና መጫን አለበት። እዚህም እያንዳንዱ ባለቤት በድሮው ፊርማው ፈርሞ ራሱ ወደ አዲሱ ማዛወር አለበት። ማንም ሊያዛውርለት አይችልም።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ የሞተበት ወይም ቁልፉ የጠፋበትስ? ያው ተማሪዋ ነኝ።

መልስ፦ ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። የቢትኮይን ፈጣሪ የሳቶሺ ናካሞቶ ነው ተብሎ የሚገመተው አንድ ሚሊዮን ያህል ቢትኮይን ይፋዊ ቁልፉ ከመጀመሪያው ቀን ግልጽ ሆኖ ተቀምጧል። አንዳንዶች ቀነ ገደብ ይቀመጥና ከዚያ በኋላ በድሮ ፊርማ የሚመጣ አይቀበል ይላሉ፣ አለዚያ ኳንተም ቀድሞ ያገኘ ሌባ ሁሉን ሰብስቦ ገበያውን ያፈርሰዋል። ሌሎች ደግሞ የሰው ንብረት መንጠቅ ነው ይላሉ። እኔ ለቀነ ገደቡ አልቸኩልም። ትልልቆቹ ድርጅቶች ባለሙያ ቀጥረው በሳምንት ያዛውራሉ። ቀኑ የሚያልፍበት ዜናውን ያልሰማው ነው፣ ላይኛው ጥያቄ ላይ እንዳለው ወንድማችን ደብተሩን ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጠው። ገደብ ይቀመጥ ከተባለ ቢያንስ ዓመታት ይሰጥ፣ በየቋንቋውም ይነገር። አንቺ እየተማርሽው ነውና ለሰፈርሽ ሰው በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም ብታስረጂ ደስ ይለኛል።